የበረሃ ፀሐይ የሚመታው ልስን ግድግዳ፦ የቱ ቀለም ይቆያል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ያለው ደረቅ በረሃ ውስጥ ነው። በበጋ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። ሌሊት ላይ ደግሞ ሙቀቱ በአንዴ ይወርዳል። ዝናብ የሚመጣው በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ሲመጣ ግን ግድግዳውን ይገርፈዋል። ቤቱ በብሎኬት የተሠራ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ፊቱ ሻካራ ነው። ከዚህ በፊት ተራ የውሃ ቀለም ተቀብቷል። አሁን የምዕራቡ ግድግዳ ደብዝዟል፣ በእጅ ሲነካም ዱቄት ያወጣል። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለው ደግሞ ነጭ ነገር እያወጣ ቀለሙ ይላጣል። ቀጫጭን ስንጥቆችም አሉ።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስንጥቅ ይሸፍናል የሚባለው ወፍራሙ የላስቲክ ቀለም፣ ማለትም ኢላስቶሜሪኩ፣ ይሻላል ወይስ ጥሩ አክሪሊክ? ሁለተኛ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም ልቤ ገብቷል። በዚህ ፀሐይ ያዋጣል?

(መልሱ ስለበዛ፣ ኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉንም እንዳያገላብጥ የተባለውን በራሴ አነጋገር በተራ ቁጥር ከታች አስፍሬዋለሁ። የራሴንም አስተያየት ጣል ጣል አድርጌበታለሁ።)

1.

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ንጹህ አክሪሊክ ካልሆነ በስተቀር ሌላ የውሃ ቀለም ለበረሃ ግድግዳ እንዳላስብ መከረኝ። ምክንያቱንም አብራራ። ፀሐይ በዋናነት የምታጠቃው ቀለሙን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀውን ማያያዣ ነው። ማያያዣው ሲበላሽ ቀለም ሰጪው ዱቄት የሚይዘው ያጣል። እጄ ላይ የቀረው ዱቄት ያ ነው። ርካሹ የውሃ ቀለም ብዙ ጊዜ የቪኒል ድብልቅ ስለሆነ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረርም ሆነ የሲሚንቶን አልካሊ (እንደ ኖራ የሚያቃጥለውን ባሕርይ) እንደ አክሪሊክ አይችልም። አክሪሊክ በዚያ ላይ ትንሽ ይለጠጣል። ግድግዳው ቀን ሲሰፋ ሌሊት ሲኮማተር አብሮት ይንቀሳቀሳል።

2.

ሁለተኛው በዚህ ተስማምቶ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ የማያንጸባርቀውን ማት ውሰድ አለኝ። ሻካራ ልስን ላይ የሚያብለጨልጭ ቀለም ከተቀባ፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው የለሳኙ እጅ ጉድለት፣ የተደፈነው ስንጥቅ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማት ይሸፍናል። አጭርና ጠቃሚ መልስ ነው።

3.

ሦስተኛው የላስቲክ ቀለም ወዳጅ ነው። ወዳጅ ብቻ አይደለም፣ ጠበቃው ነው። የራሱን ቤት በሱ እንዳስቀባና ከዚያ ወዲህ ስንጥቅ የሚባል እንዳላየ ጻፈ። ያነሳው ቁጥር ትክክል ነው። ተራ አክሪሊክ ሁለት እጅ ተቀብቶ ሲደርቅ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኢላስቶሜሪኩ ግን ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ የፀጉር ስንጥቅን ዘግቶ፣ ስንጥቁ ሲከፈትና ሲዘጋ ሳይቀደድ ይለጠጣል። እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስንጥቅም ይሸፍናል አለ። በመጨረሻ፣ አክሪሊክ የሚመክሩ ሰዎች ዘመኑ አልፎባቸዋል የሚል ነገር ጣል አደረገ። ውይይቱ መሞቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

4.

አራተኛው ሙያው ቀለም ቅብ ነው። ሰላምታ የለ፣ መግቢያ የለ። ቀጥታ ሦስተኛው ላይ ነው የወረደው። ጠያቂው ግድግዳው ከታች ነጭ እያወጣ ነው ብሎ ጽፏል፤ ይህን ሳታነብ እንዴት የላስቲክ ቀለም ታዛለህ ዓይነት ነበር አነጋገሩ።

ሐሳቡን ግን ሰብስቤ ላቅርበው፤ ከሁሉም መልስ ይበልጥ የሠራልኝ እሱ ነው። ልስን ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። ውሃ ከመሬት በብሎኬቱ በኩል ይወጣል፣ ከላይ በጣሪያ ጠርዝ ይገባል፣ በመስኮት ዙሪያ ይሰርጋል። የገባው ውሃ ደግሞ ተንኖ በግድግዳው ፊት በኩል መውጣት አለበት። ወፍራሙን የላስቲክ ቀለም ስትቀባው መውጫውን ታጠብበታለህ። ግድግዳው ዝናብ ልብስ ለብሶ የሚሮጥ ሰው ይሆናል፤ ከውጭ ደረቅ፣ ከውስጥ ላብ በላብ። ከዚያ የበረሃ ፀሐይ ትመታዋለች። እንፋሎቱ ቀለሙን ከኋላ ይገፋዋል፣ ቀለሙ ይነፋል፣ እንደ ቆዳም ይገፈፋል። አነሳሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ስቃይ ነው። ተራ ቀለም ይፋቃል፤ እሱ ግን ልስኑን ይዞ ነው የሚመጣው።

መደምደሚያው ይህ ነበር፦ መጀመሪያ የሚመረጠው ቀለም አይደለም። መጀመሪያ ግድግዳው ምን እንደሆነና ምን እንደለበሰ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ራሱን ይመርጣል።

5.

ሦስተኛው ተመልሶ መጣ። የሱ ግድግዳ ምንም እንዳልሆነ፣ ቀለም ቀቢዎች ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚለቅ ቀለም የሚመክሩት ተመልሰው እንዲጠሩ ነው ብሎ ጻፈ። ይህች ሁለተኛዋ አላስፈላጊ ነበረች። ከታች ግን ሳያስበው ቁልፉን ነገር ተናገረ። ቤቱ ከፍ ያለ መሠረት ላይ ነው፤ ዙሪያው ጠጠር እንጂ አትክልት የለውም፣ ጣሪያውም ሰፊ ክፈፍ አለው። ውሃ የማይደርስበት ግድግዳ ነው ያለው! እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የላስቲክ ቀለም ቢቆይ ምን ይገርማል።

6.

ስድስተኛዋ የኬሚስትሪ ሰው እንደሆነች ከአጻጻፏ ይታወቃል። ጠቡን አልነካችውም። ያ ነጭ ነገር ሻጋታ እንዳልሆነና ጨው እንደሆነ አስረዳች። ውሃ በልስኑና በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል፣ ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። የበረሃ አፈር ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው፤ ዝናቡ ትንሽ ስለሆነ ጨው አጥቦ ወደ ታች አያወርደውም። ትነቱ ደግሞ ፈጣን ነው። ለዚህ ነው ደረቅ አገር ያለ ግድግዳ በጨው የሚሰቃየው። ጨው ከቀለሙ ሥር ሲጠጥር ቀለሙን ይገፋዋል፣ ልስኑንም ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል።

ምክሯ ሦስት ነበር። ጨውን በውሃ አትጠበው፤ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ጠርገህ ከግድግዳው ሥር አንሳው። ቀጥሎ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልግ፤ አትክልት ማጠጫ አለ ወይ፣ አፈሩ ከልስኑ ጫፍ በላይ ተከምሯል ወይ ብላ ጠየቀች። ሦስተኛ፣ ለኮንክሪት የሚሠራበትን የፕላስቲክ ፍተሻ አድርግ። 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ ቢያንስ 16 ሰዓት ተወው። ከሥሩ ጤዛ ከቋጠረ ወይም ግድግዳው ከጠቆረ ገና እርጥብ ነው፤ አትቀባም።

7.

ይህ የኔ መልስ ነው። አዎ፣ በምዕራቡ ግድግዳ ሥር የአበባ መደብ አለ። ማታ ማታ ይጠጣል። አፈሩም ልስኑን አልፎ ወጥቷል።

አራተኛው አንድ ቃል ሳይጨምር የአካፋ ምስል ለጠፈ።

8.

ስምንተኛዋ የቡናማውን ጥያቄ ያዘችልኝ። እስካሁን ማንም ዞር ብሎ አላየውም ነበር። ቀለም አምራቾች ለእያንዳንዱ ቀለም የብርሃን ነጸብራቅ ቁጥር ይሰጣሉ አለች። ከ0 እስከ 100 ነው፤ 0 ፍጹም ጥቁር፣ 100 ፍጹም ነጭ። ልቤ የገባው ቡናማ ከ10 እስከ 15 አካባቢ ሳይሆን አይቀርም። የሚታየውን ብርሃን አብዛኛውን ይውጣል ማለት ነው። ፀሐይ በቀጥታ ስትመታው ጠቆር ያለ ግድግዳ ከአየሩ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ግለቱ ወደ ውስጥ መግባቱ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ልስኑ ቀን በጣም ሰፍቶ ሌሊት በጣም መኮማተሩ ነው። ስንጥቅ ያለበት ግድግዳ ይህን አይወድም።

ቡናማን ግን ጨርሳ አልጣለችውም። ከመደብዘዝ አንጻር ከሆነ ቡናማ ጥሩ ምርጫ ነው። ቡናማ፣ የሸክላ ቀይና የአፈር ቢጫ የሚሠሩት ከብረት ኦክሳይድ ነው። የብረት ኦክሳይድ ዝገት እንጂ ሌላ አይደለም፤ ፀሐይ ምንም አታመጣበትም። ቶሎ የሚለቁት ደማቅ ቀይ፣ ደማቅ ቢጫና ሐምራዊ ዓይነቶቹ ናቸው፤ ብዙዎቹ ኦርጋኒክ ቀለም ሰጪ አላቸው። ስለዚህ ያንኑ የቡናማ ቤተሰብ ሳትለቅ ወደ ላይ ውጣ አለችኝ፤ የደረቅ ሣር፣ የአሸዋ፣ የፈዘዘ ሸክላ ዓይነት። ቁጥሩ ከ50 በላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

አንድ ያላወቅሁት ነገርም ነገረችኝ። ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ግማሽ ያህሉ በዓይን አይታይም፤ ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ያለው ጨረር ነው። የነጸብራቅ ቁጥሩ ደግሞ የሚለካው የሚታየውን ብቻ ነው። ይህን የማይታየውን ክፍል መልሰው የሚያንጸባርቁ ልዩ ቀለም ሰጪዎች አሉ። ሁለት ቡናማ ግድግዳ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው፣ ለዓይን አንድ ዓይነት ሆነው፣ አንዱ ከሌላው ቀዝቀዝ ሊል ይችላል። ጠቆር ያለ ቀለም የግድ ከፈለግህ ይህን ጠይቅ አለች።

9.

ዘጠነኛው ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ነጭ ቀባና ተገላገል አለ።

10.

አሥረኛዋ ነጭ ቀብታ ያየች ናት። ከሰዓት በኋላ በረንዳዋ ላይ ዓይን መግለጥ አልተቻለም፤ ከግድግዳው የሚመለሰው ብርሃን ይወጋል። የጎረቤቷም መስኮት ፊት ለፊት ስለሆነ ቅሬታ መጣ። በዚያ ላይ የአቧራ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ነጩ ግድግዳ ቡናማ ይሆናል፤ ቀጥሎ ትንሽ ዝናብ ሲወርድ በጭቃ መስመር ይዥጎረጎራል። ከዚያ ወዲህ የአካባቢዋን አፈር የሚመስል ቀለም ነው የመረጠችው። አቧራው ቢያርፍም አያሳጣትም። በዚህ ሳቅሁ፤ ግን እውነቷን ነው። የበረሃ ቤት ከአቧራው ጋር ካልተስማማ ዕድሜ ልኩን ሲታጠብ ነው የሚኖረው።

11.

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ትንሽ ሳተ። አንዱ መጥቶ ባለ ሴራሚክ ቀለም የሚባል ነገር አስተዋወቀ። አንድ እጅ ሲቀባ የወፍራም መከላከያ ሱፍ ያህል ሙቀት ይከለክላል አለ። ሻጭ ይሁን አይሁን አልተናገረም። አጻጻፉ ግን የሻጭ ነው።

12.

ስድስተኛዋ ጨዋነቷን ያጣችው እዚህ ብቻ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቆዳ ሙቀት እንዳያልፍ የማገድ አቅሙ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ የፊዚክስ ሕግ በማስታወቂያ አይሻርም አለች። ነጣ ያለ ቀለም የሚያቀዘቅዘው ፀሐይን ስለሚመልስ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንኛውም ነጣ ያለ ቀለም ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ ቀለም የሙቀት መከላከል አቅም ሐሰተኛ ወይም ማስረጃ የሌለው ቁጥር አስተዋውቀዋል ያላቸውን አራት ድርጅቶች መክሰሱንም አስታወሰች። አሥራ አንደኛው ከዚያ በኋላ አልታየም።

13.

አሥራ ሦስተኛው የሲሊኬት ቀለም አፍቃሪ ነው። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ግን ማንበቡ አይቆጭም። ይህ ቀለም ማያያዣው ፖታሲየም ሲሊኬት፣ ፈሳሽ ብርጭቆ የሚባለው፣ ነው። ግድግዳው ላይ እንደ ቆዳ አይለጠፍም። ከልስኑ ማዕድን ጋር በኬሚካል ይዋሃዳል። ስለዚህ የሚላጥ ነገር የለውም፣ ግድግዳውም እንደልቡ ይተነፍሳል። ቀለም ሰጪዎቹም ማዕድን ስለሆኑ ፀሐይ አታደበዝዛቸውም። ጀርመናዊው አዶልፍ ቪልሄልም ካይም እ.ኤ.አ. በ1878 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሥራ ነው። በስዊዘርላንድ ሽቪትስ ከተማ የሚገኘው የማዘጋጃ ቤት ፊት እ.ኤ.አ. በ1891 በዚህ ቀለም ተሠርቶ ዛሬም አለ። ሰውዬው ይህን ሲጽፍ ስሜቱ ያስታውቃል።

14.

አራተኛው ለሁለት መስመር ብቅ አለ። ሽቪትስ በረሃ አይደለም። የጠያቂውም ግድግዳ ባዶ ልስን አይደለም።

15.

ሁለተኛዋን ነጥብ ያብራራችው ስድስተኛዋ ናት። ሲሊኬት የሚዋሃደው ከማዕድን ጋር ነው። በመካከል የድሮ የፕላስቲክ ቀለም ካለ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ስለዚህ አሮጌው ቀለም ተፍቆ ካልወጣ ንጹሁ ሲሊኬት አይሠራም። በአሮጌ ቀለም ላይ እንዲሄዱ የተቀመሙ የሲሊኬት ዓይነቶች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ዱቄት በሚያወጣ ቀለም ላይ አይቆሙም። ኖራም እንዲሁ ነው። ኖራ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ተመልሶ ድንጋይ የሚሆን ነገር ነው። ለዚህ እርጥበት ያስፈልገዋል። በደረቅ ነፋስ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ግድግዳውን አስቀድሞ ማርጠብ፣ ከተቀባም በኋላ ውሃ እፍ ማለት ያስፈልጋል። ሲሊኬት የሚቀባ ሰው መስኮቱን በደንብ ይሸፍን ብላ ጨመረች፤ ብርጭቆ ላይ ከተረጨ ይበላዋል፣ አይለቅም። ዓይንም ይጠበቅ።

ለኔ ቤት ሲሊኬት የማይሆን መሆኑ ቆጨኝ። አዲስ ልስን ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር አላስብም ነበር።

16.

አዲስ ልስን ሲባል ከቤቱ ጋር ገና እየታገለ ያለ አንድ ወጣት ገባ። ግድግዳውን ባለፈው ሳምንት አስለስኖ በሚቀጥለው ሊቀባ ነበር። ሦስት ሰዎች ተሽቀዳድመው አስቆሙት። ትኩስ ልስን የአልካሊ መጠኑ በፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ) 12 እና 13 መካከል ነው። በዚህ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ አልካሊው ዘይቱን ወደ ሳሙና ይቀይረዋል፤ ቀለሙ ተለጣፊና ለስላሳ ሆኖ ይላጣል። የውሃ ቀለምም ቢሆን ቀለሙ ቦታ ቦታ ይነጣል። የተለመደው 28 ቀን መጠበቅ ነው። የግድ መቸኮል ካለ አልካሊ የሚችል ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ፣ አለ።

አንዲት መላሽ ያነሳችው ግን ይበልጥ ይጠቅማል። በረሃ ውስጥ ልስን ሲደርቅ ጠነከረ ማለት አይደለም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ይዞ ሲቆይ ነው። ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ከነጠቁት ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ሲፈገፍጉትም አሸዋ ያራግፋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየጊዜው ውሃ ይረጭ። ወጣቱ አመስግኖ ሄደ። ለሳኙ አንድም ቀን ውሃ እንዳልረጨበት ግን ሳይናገር አልሄደም።

17.

መቼ ይቀባ የሚለው ጥያቄ የኔ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ነው ያነሳው። አራተኛው ረጅም መልስ ሰጠ። ሰውዬው ካልተነካ ደግ ነው። ብዙ የቀለም ባልዲ ላይ ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ባለው መካከል ይቀባ ይላል። ሰዎች ይህን የአየር ሙቀት ይመስላቸዋል። ግድግዳውም ጭምር ነው። አየሩ 30 ሆኖ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ 50 ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የተቀባ ቀለም ውሃው በቅጽበት ይነጠቃል፣ ማያያዣው እርስ በርሱ ተጋጥሞ ቆዳ ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። በዓይን ደርቋል። ግን ደካማ ነው፤ የሮለሩ መደራረቢያም በመስመር በመስመር ይታያል።

ስለዚህ ጥላን ተከተል አለ። ጠዋት በምዕራቡ ፊት ሥራ፣ ከሰዓት በምሥራቁ። ፀሐይ የለቀቀችው ግድግዳ ወዲያው አይበርድም፤ እጅህን አስደግፈህ ማቆየት ካልቻልክ ጠብቅ። ነፋስ በሚነሳበት ሰዓት አቁም፤ እርጥብ ቀለም ላይ የተለጠፈ አሸዋ እስከ መጨረሻው እዚያው ነው። የበጋውን ወር ጭራሽ ተወው። ቀዝቀዝ ባለው ወራት ደግሞ አመሻሽ ላይ አትቀባ፤ ሌሊት ሙቀቱ ወርዶ ጤዛ ከያዘው ያልደረቀው ቀለም ያለቅሳል።

አንድ ሰው የደቡቡ ግድግዳ ሳይሆን የምዕራቡ ለምን ቀድሞ እንደሚጎዳ ጠየቀው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ በበጋ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለሆነች ደቡቡን ግድግዳ የምትነካው ከላይ ወደ ታች ጨረፍ አድርጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝቅ ስትል ግን ምዕራቡን ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ያውም አየሩ በጣም በጋለበት ሰዓት። የኔም የተበላው እሱ መሆኑ ለዚህ ነው።

18.

በመርጫ ማሽን ይሁን በሮለር የሚል ጠብ ተነሳ። ሦስተኛውና አራተኛው እንደገና ተገናኙ፤ ብዙ ተባባሉ፣ የማይጻፍ ነገርም አለበት። ዘልዬዋለሁ። ፍሬው ይህ ነው፦ ሻካራ ልስን ላይ ተረጭቶ ወዲያው ጠጉሩ ረጅም በሆነ ሮለር ሲገፋ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። መርጨት ብቻ ከላይ ከላይ ነው። ሁለቱም መጨረሻ ላይ ያሉት አንድ ነገር ነበር፤ ግን ማንም ተስማማን አላለም።

19.

አሥራ ዘጠነኛዋ ዱቄት የሚያወጣውን ግድግዳ አንስታ ሁላችሁም ረሳችሁት አለች። ልክ ናት። ዱቄት ላይ የተቀባ ቀለም ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው የያዘው። መጀመሪያ በለሰለሰ ብሩሽና በውሃ ይታጠባል፤ የጨው ቦታው ግን በደረቁ ከተጠረገ በኋላ ብቻ። የግፊት ማጠቢያ ከሆነ ግፊቱ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ስንጥቅና ወደ መስኮት ጠርዝ ሳይነጣጠር። ከደረቀ በኋላ በጥቁር ጨርቅ ይዳሰሳል። አሁንም ካነጣ፣ ልቅ ያለውን የሚያጣብቅ ፕራይመር ከቀለሙ በፊት ይቀባል። ቀጥሎ በምላጭ መስቀለኛ ጭረት ሠርቶ ፕላስተር ለጥፎ በአንዴ መንጨቅ ነው። አሮጌው ቀለም ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ እዚያ ቦታ ይፋቃል።

ስንጥቆቹን ለይቼ እንድመለከትም ነገረችኝ። የፀጉር ስንጥቅ እዚህም እዚያም ከሆነ የልስኑ መኮማተር ነው፤ ፕራይመርና ሁለት እጅ ጥሩ አክሪሊክ አብዛኛውን ይሸፍነዋል። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚሄድና እየሰፋ ያለ ከሆነ ግን የቀለም ጉዳይ አይደለም። የትኛውም ባልዲ አይፈታውም።

20.

ሃያኛው የውጭ በሩ ብረት እየዛገ ስለሆነ ምን እንደሚቀባ ጠየቀ። አንዱ መለሰለት፣ ሌላው ራሱን የቻለ ርዕስ ክፈት አለው። ከዚያ ስለ ጥላ ዛፍ ትንሽ ወሬ ሆነ። ምዕራቡ ግድግዳ ፊት ዛፍ መትከል ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል አለ አንዱ። ሐሳቡ መልካም ነው። ዛፉም ይጠጣል፤ ውሃው ግድግዳውን እንዳይነካ አርቆ ነው መትከል።

21.

እኔ ያሰብኩትን ጻፍኩ። የአበባ መደቡ ከግድግዳው ይርቃል፣ አፈሩ ከልስኑ ጫፍ ዝቅ ይላል። ታችኛው ክፍል እስኪደርቅ አይቀባም፤ ፕላስቲኩ ይመሰክራል። ቀዝቀዝ ሲል አልካሊ የሚችል ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለት እጅ ማት አክሪሊክ፣ ቀለሙ የአሸዋ ቡናማ። ሦስተኛው አሁንም የላስቲክ ቀለሙን ባለመቀባትህ ትጸጸታለህ አለኝ። ስድስተኛዋ፣ ልስኑ ከታች የሚያልቅበት ላይ ያለውን የብረት ጠርዝ በሲሊኮን እንዳልደፍነው አስጠነቀቀች፤ የገባ ውሃ የሚወጣው በሱ ነው።

22.

የመጨረሻው የአራተኛው ነው። ሻካራ ልስን ከለስላሳ ግድግዳ ይበልጥ ቀለም ይበላል፤ ባልዲው ላይ የተጻፈውን የካሬ ሜትር ልክ አትመን። መጀመሪያ ጥቂት ካሬ ቀብተህ ስንት እንደሄደ ለካ፤ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዛ። አንድ ግድግዳ ከመጀመርህ በፊት ባልዲዎቹን ትልቅ በርሜል ውስጥ ገልብጠህ አዋህዳቸው፤ የቀለም ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ባልዲ ከባልዲ ትንሽ ይለያያል፤ ልዩነቱ ግድግዳው መሃል ላይ ነው የሚታየው። የተረፈውን ደግሞ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አትክተተው፤ በዚያ ሙቀት ይበላሻል። ክዳኑን አጥብቀህ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ አኑረው፣ የቀለም ቁጥሩንም ክዳኑ ላይ ጻፍበት።